እንክብሉ ነው ወይስ ጊዜው? ስለ ፀጉር መርገፍና ስለ ማሟያ እንክብሎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ? ከሥራ መልስ ድካማችሁን ችላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የምትወስዱትን የፀጉር ማሟያ ይዛችሁ እንድትመጡ ተነግሯችሁ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ብልቃጡን ይዛችሁ እንደመጣችሁ አያለሁ። በጣም ጥሩ ነው። ለጊዜው ቦርሳችሁ ውስጥ ይቆይ። መጨረሻ ላይ አውጥተን ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አብረን እናነባለን።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። አንድ ሰው ፀጉሩ ረገፈበት፤ እንክብል ጀመረ፤ ከአራት ወር በኋላ ፀጉሩ ተመለሰለት። ፀጉሩን የመለሰው ማን ነው? እንክብሉ ነው ወይስ ጊዜው? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

ሦስት ነገሮች እናገራለሁ። አንደኛ፣ ፀጉር እንዴት እንደሚረግፍ። ሁለተኛ፣ ማሟያ በእውነት የሚጠቅመው መቼ እንደሆነ። ሦስተኛ፣ ማሟያ ራሱ መቼ እንደሚጎዳ። ሦስተኛው ላይ ጠበቅ እላለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው “ቫይታሚን ነው፣ ባይጠቅም አይጎዳም” ብሎ ነው የሚወስደው። ይጎዳል። ወገኖቼ፣ ይጎዳል።

ወደ አንደኛው ልግባ።

ራሳችን ላይ በግምት 100,000 ፀጉር አለ። ሁሉም በአንድ ላይ አያድግም፣ በአንድ ላይም አይረግፍም። እያንዳንዱ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ እድገቱን ያቆማል፤ ከዚያ ሦስት ወር ገደማ ያርፋል፤ በመጨረሻም ይወድቅና ቦታውን ለአዲሱ ይለቃል። ከ100 ፀጉር ከ85 እስከ 90 የሚሆነው ሁልጊዜ በእድገት ላይ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ ጤነኛ ነው። ፀጉሩን በሳምንት አንዴ የሚታጠብ ሰው የሳምንቱን በአንድ ቀን ስለሚያየው ይደነግጣል እንጂ ከሌላው ሰው በልጦ የረገፈበት ነገር የለም።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ማበጠሪያችሁ ላይ ከቀረው አንድ ፀጉር አንሡና ብርሃን ላይ ያዙት። በአንደኛው ጫፍ ከመርፌ ጫፍ እምብዛም የማትበልጥ ነጭ እብጠት ታያላችሁ። ስንቶቻችን ነን እሷን አይተን “ሥሩ ተነቀለ፣ ከእንግዲህ አይበቅልም” ብለን የደነገጥን? ሥሩ እሷ አይደለችም። ፀጉሩ እረፍቱን ጨርሶ በወጉ መውደቁን የምታሳይ ምልክት ናት። ፀጉሩ የሚበቅልበት ከረጢት ቆዳው ውስጥ እንዳለ ነው፤ አዲሱንም ይዟል።

ችግሩ የሚመጣው ሰውነት ሲደነግጥ ነው። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ሐዘን፣ ክብደት ለመቀነስ ብሎ ምግብ በአንድ ጊዜ ማቋረጥ፣ እነዚህ ሁሉ ገና ማደግ የነበረበትን ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ወደ እረፍት ይሰዱታል። እረፍቱ ስንት ወር ነው አልን? ሦስት ወር ገደማ። ስለዚህ ፀጉሩ የሚረግፈው በደነገጠበት ሳምንት ሳይሆን ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ፀጉራችሁ ዛሬ በእፍኝ ከወጣ ትናንት የተቀባችሁትን ቅባት አትክሰሱ። ወደ ኋላ ሦስት ወር ቁጠሩ። ያኔ ምን ነበር? ታማችሁ ነበር? ወልዳችሁ ነበር? አዲስ መድኃኒት ጀምራችሁ ነበር?

አንዲት እናት እንውሰድ። ወለደች። በሦስተኛው ወር ፀጉሯ መርገፍ ጀመረ፤ ሕፃኑን ስታጠባ ደረቱ ላይ ሳይቀር ታገኘዋለች። በአራተኛው ወር ሰው የነገራትን እንክብል ገዛች። በሰባተኛው ወር ግንባሯ ዳር ዳር አጫጭር አዲስ ፀጉር ብቅ አለ። ለዐሥር ጓደኞቿ “ይህን ውሰዱ፣ እኔን አድኖኛል” አለች። ዋሸች? በፍጹም አልዋሸችም። ያየችውን ነው የተናገረችው። ግን እንዲህ ያለው መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ በራሱ ይቆማል። እንክብሉን ባትወስድም አጫጭሩ ፀጉር በዚያው በሰባተኛው ወር ይበቅል ነበር። ጊዜው የሠራውን ሥራ እንክብሉ ተመሰገነበት። ከዐሥሩ ጓደኞች ደግሞ አንዷ ደም አንሷታል፣ አንዷ የታይሮይድ ዕጢዋ ታሟል፣ አንዷ በዘር የሚመጣ መሳሳት ጀምሯታል። ሦስቱም ያንን እንክብል ይዘው ስድስት ወር ይጠብቃሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ የሚባክነው ስድስት ወር ነው።

ምክንያቱም መርገፍ ሁሉ አንድ አይደለም። በዘር የሚመጣው፣ በወንድ ከግንባርና ከአናት፣ በሴት ደግሞ ከመሐል መክፈያው እየሰፋ የሚሄደው፣ ከረጢቱ በሆርሞን የተነሣ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ፀጉሩን የሚያቀጥን ነው። ላሽ፣ ማለትም በአንድ ቦታ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ድንገት የሚለቀው፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ ከረጢቱን ሲያጠቃ ነው። የሕፃናት ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ የሚድነው በሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት ነው፣ ቅባት ብቻውን ከረጢቱ ውስጥ አይደርስም። ፀጉርን አጥብቆ ከመሠራት፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ከማስቀጠል የሚመጣው ደግሞ ከግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ ይጀምራል፤ መድኃኒቱ ማላላት ነው፣ እሱም ቆዳው ጠባሳ ሳይዝ። እስኪ ልጠይቃችሁ፣ ከእነዚህ ውስጥ የቫይታሚን እጥረት የሆነው የትኛው ነው? አንዱም አይደለም። አንዱም!

ቤት ውስጥ የምትሞክሩት ቀላል ምርመራ አለ። 60 ያህል ፀጉር በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሐል ያዙ፤ ከራስ ቆዳ ተነሥታችሁ እስከ ጫፉ ድረስ በዝግታ፣ ሳታሳምሙ፣ ጣታችሁን እያንሸራተታችሁ ሳቡ። በአናት፣ በሁለቱ ጎንና ከኋላ ድገሙት። በአንድ ስባ ከ6 በላይ ከወጣ መርገፉ በአሁኑ ሰዓት እየሄደ ነው ማለት ነው። ብዙ ካልወጣ፣ ግን መክፈያችሁ እየሰፋ ከሆነ፣ ጉዳዩ መቅጠን ሊሆን ይችላል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ማሟያ የሚጠቅመው መቼ ነው? መልሱ አጭር ነው። የጎደለ ነገር ሲኖር። ጎድሎ ሲገኝ ያ የጎደለው ነገር ይሰጣል፤ ያልጎደለ ላይ መጨመር ፀጉር አያበዛም።

ከሁሉ በላይ የማተኩረው ብረት ላይ ነው፤ ሰው አይረን የሚለው ማለት ነው። የወር አበባ የሚበዛባት ሴት፣ ተከታትላ የወለደች፣ ሥጋ የማትበላ፣ እነዚህ ብረት ያንሳቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት አለ። ሰው ሄሞግሎቢን ይመረመርና “ደምህ ደህና ነው” ይባላል። ሄሞግሎቢን ኪስ ውስጥ ያለ ገንዘብ ነው፤ የተቀመጠውን ብረት የሚነግረን ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ነው። ኪሱ ሙሉ ሆኖ ተቀማጩ ሊያልቅ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከ15 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ፌሪቲንን እጥረት ይለዋል። ፀጉር የሚረግፍባቸውን የሚያክሙ ብዙ የቆዳ ሐኪሞች ግን ከ40 በላይ፣ አንዳንዶቹም እስከ 70 ድረስ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ሌላ ልብ በሉ፦ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ብግነት ያለበት ሰው ፌሪቲኑ በሐሰት ከፍ ይላል። በጉንፋን ማግስት ተመርምራችሁ “ሙሉ ነው” ብትባሉ እርግጠኛ አትሁኑ።

ብረቱ ሲታዘዝ አወሳሰዱ ላይ ብዙ ይበላሻል። ብልቃጡ ላይ ፌረስ ሰልፌት 325 ሚሊግራም ቢል፣ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብረት 65 ሚሊግራም ብቻ ነው። መቁጠር ያለባችሁ ንጹሑን ነው። ባዶ ሆድ ላይ ቢወሰድ የተሻለ ይገባል፤ ሆድ ካመመ ከትንሽ ምግብ ጋር። ከሻይና ከቡና፣ ከወተትና ከካልሲየም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቅ። የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አራት ሰዓት ያራርቀው። ብዙ መዋጥ ቶሎ ይሞላል ብላችሁ በቀን ሦስቴ አትዋጡ። አንድ መጠን ብረት ስንወስድ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያወጣል፤ ሆርሞኑም በማግስቱ የሚመጣውን ብረት አንጀት ላይ በሩን ይዘጋበታል። ስለዚህ ለብዙ ሰው በቀን አንዴ፣ እንዲያውም አንድ ቀን እያለፉ መውሰድ የተሻለ ይገባል፣ ሆድ ድርቀቱም ይቀንሳል። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ብረቱ ነው።

ደግሞም ታገሡ። ደሙ በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል፤ ፀጉሩ ግን በወር 1 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሄደው። በስድስተኛው ሳምንት “አልሠራልኝም” ብላችሁ አታቁሙ። ፌሪቲኑን በሦስተኛው ወር ድገሙ። ወንድ ከሆናችሁ፣ ወይም የወር አበባችሁ ከቆመ በኋላ ብረት ካነሳችሁ ደግሞ እንክብሉን ገዝታችሁ አትቀመጡ። ደሙ የት እየሄደ ነው? ጨጓራና አንጀት መታየት አለበት። ይህን በአደራ ነው የምነግራችሁ።

ፕሮቲን ሌላው ነው። ፀጉር ራሱ ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። አዋቂ ሰው በኪሎ 0.8 ግራም በቀን ያስፈልገዋል፤ 60 ኪሎ ለሆነ 48 ግራም ማለት ነው። ይህን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና ጥራጥሬ ያሟላዋል። ለክብደት ብሎ ምግቡን በግማሽ የቆረጠ ሰው ምግቡን ሳይመልስ ምንም እንክብል ቢውጥ መርገፉን አያቆምለትም። ለፀጉርና ለቆዳ እየተባለ የሚሸጠው ፕሮቲን፣ ኮላጅንም ቢሆን፣ ሆድ ውስጥ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል እንጂ ቀጥ ብሎ ወደ ፀጉር አይሄድም።

ዚንክ እጥረት ካለ ይረዳል፤ የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ያደረጉና ለረጅም ጊዜ ተቅማጥ ያለባቸው ይጠንቀቁ። ቫይታሚን ዲ ሲያንስ መሙላት ለአጥንትም ይበጃል። ሶ ፓልሜቶ የሚባለው ተክል በዘር ለሚመጣው መሳሳት ጥቂት ትንንሽ ጥናቶች አሉት፤ ማስረጃው ደካማ ነው፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ ፈጽሞ አትውሰደው።

ባዮቲንስ? አዎ፣ ሁላችሁም የምትጠብቁት እሱን ነው። ቀድሞ ቫይታሚን ኤች ይባል ነበር፤ ፊደሏ የመጣችው ፀጉርና ቆዳ ከሚሉት የጀርመንኛ ቃላት ነው። ስሙ ከፀጉር ጋር የተጣበቀው ከጥንት ነው። ባዮቲን በእውነት ሲጎድል ፀጉር ይረግፋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ማን ይጎድለዋል? ጥሬ የእንቁላል ነጭ አዘውትሮ የሚጠጣ፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለዓመታት የሚወስድ፣ በዘር የኢንዛይም ጉድለት ይዞ የተወለደ ሕፃን። በደህና የሚመገብ ጤነኛ ሰው አይጎድለውም። ለአዋቂ በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ነው። ብልቃጡ ላይ ስንት ይላል? 5,000፣ 10,000! 10,000 ማለት የሚበቃውን ከ300 ጊዜ በላይ ማለት ነው።

“ትርፉ በሽንት ይወጣል፣ ምን አለበት?” ትሉኛላችሁ። እዚህ ላይ ሦስተኛውን ጉዳይ ጀመርን።

ብዙ ላብራቶሪዎች ደም ሲመረምሩ የመመርመሪያው ኬሚካል ራሱ ባዮቲንን እንደ ማጣበቂያ ይጠቀማል። ደማችሁ በባዮቲን ከተሞላ ማጣበቂያውን ይሻማዋል፤ ውጤቱም ይዛባል። የታይሮይድ ምርመራ ላይ ዕጢውን የሚያዘው ሆርሞን ቲኤስኤች በሐሰት ዝቅ፣ ዕጢው የሚያመነጨው ሆርሞን ቲ4 ደግሞ በሐሰት ከፍ ብሎ ይወጣል። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ታይሮይድ በዝቷል ይላል። ለሌላችሁ በሽታ መድኃኒት ይጻፍላችኋል። እስኪ አስቡት፣ ፀጉሩ የረገፈበት ሰው ባዮቲን ይወስዳል፤ ፀጉሩ ስለረገፈም የታይሮይድ ምርመራ ይታዘዝለታል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። የተሳሳተውን ውጤት የሚያመጣው እንክብሉ ነው፣ ማንም ደግሞ አልጠየቀውም።

ከዚህ የከፋ አለ። ልብ ሲታመም ደም ውስጥ የሚለካው ትሮፖኒን በሐሰት ዝቅ ሊል ይችላል። ደረቱን ያመመው ሰው “ልብህ ደህና ነው” ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በኅዳር 2017 በፈረንጆች አቆጣጠር ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ በዚህ ምክንያት የአንድ ሰው ሞት እንደተመዘገበ አስታውቋል። ስለዚህ ቀድሞ ለታሰበ የደም ምርመራ ባዮቲን ከሁለት ከሦስት ቀን በፊት ይቁም፤ መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ኩላሊታችሁ ከታመመ ከዚያ በላይ ሊያስፈልግ ስለሚችል ሐኪሙን ጠይቁ። ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ ደግሞ ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ “ባዮቲን እወስዳለሁ።” ሦስት ቃል የማይሞላ ነገር ነው።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያምነውን ልንገራችሁ። ፀጉር ያበቅላሉ ተብለው ከሚሸጡት መካከል ሲበዙ ፀጉር የሚያረግፉ አሉ። ቫይታሚን ኤ አንዱ ነው፣ ሴሌኒየም የሚባለው ማዕድን ሌላው ነው። በ2008 በፈረንጆች አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ ማሟያ ሲዘጋጅ በስሕተት ሴሌኒየሙ ከተጻፈበት 200 እጥፍ ሆኖ ወጣ። 201 ሰዎች ተጎዱ። ተቅማጥ፣ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የጥፍር መሰባበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፀጉር መርገፍ! ለጤና ብለው የጠጡት ነው። በዚያች አገር በዚያው አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ ባለው ሕግ ማሟያ ከመሸጡ በፊት፣ ከመድኃኒት በተለየ፣ መሥራቱን ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። ዚንክም ለረጅም ጊዜ በቀን ከ40 ሚሊግራም በላይ ሲወሰድ መዳብን ያሳጣል፤ የደም ማነስና የእግር መደንዘዝ ይከተላል። አንዳንዱ የብረት እንክብል ደግሞ ቀይና ጣፋጭ ሽፋን ስላለው ሕፃን ከረሜላ ይመስለዋል፤ ጥቂቱ እንኳ ሕፃን ሊገድል ይችላል። ቆልፉበት። ከፍ ያለ ቦታ ማስቀመጥ አይበቃም፣ ቆልፉበት።

አሁን ብልቃጦቻችሁን አውጡ። የፊቱን ተዉት፤ ፊቱ ላይ ያለው ማስታወቂያ ነው። ጀርባውን አዙሩ።

መጀመሪያ የአንድ ጊዜ መጠን ስንት ፍሬ እንደሆነ እዩ። አንዳንዱ “ሁለት ፍሬ” ይላል፣ አንዳንዱ አራት፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ለዚያ ነው የተጻፉት። ቀጥሎ ቫይታሚን ኤን ፈልጉ። ሬቲኒል ፓልሚቴት ወይም ሬቲኒል አሲቴት ከተባለ ይቆጠራል፤ ቤታ ካሮቲን ከተባለ ለዚህ ሒሳብ አይገባም። የላይኛው ወሰን በቀን 3,000 ማይክሮግራም ነው፤ በድሮው መለኪያ 10,000 ዩኒት ማለት ነው። አሁን ደምሩ። የጠዋቱ መልቲቫይታሚን 900፣ የፀጉሩ እንክብል 1,500፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የዓሣ ጉበት ዘይት 1,350 ገደማ። ስንት መጣ? 3,750። እያንዳንዱ ለብቻው ደህና ነው፣ አንድ ላይ ግን ወሰኑን አልፈዋል። ነፍሰ ጡር ወይም ለማርገዝ ያሰበች እህት ካለች ይህ ለፅንሱ አደጋ ነው፤ ዛሬውኑ ሐኪሟን ታናግር። ሴሌኒየምን እንዲሁ ደምሩ፤ የሚያስፈልገው 55፣ የላይኛው ወሰን 400 ማይክሮግራም ነው። “ልዩ ቅምር” ብሎ የእያንዳንዱን መጠን ያልጻፈ ብልቃጥ ካገኛችሁ ወደ ጎን አድርጉት። መጠኑን ያልነገራችሁን ነገር መደመር አትችሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መርገፋችሁ በዘር የመጣው ዓይነት ከሆነ የተፈተነ ሕክምና አለ፤ ራስ ላይ የሚቀባው ሚኖክሲዲል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉን ሊያባብሰው ይችላል፤ አሮጌው ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ ነውና አታቋርጡ። ለውጡ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ወር ነው፤ ካቆማችሁት ያተረፋችሁት ፀጉር መልሶ ይረግፋል፤ በእርግዝና አይወሰድም። ራሳችሁን በየወሩ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ መክፈያ ፎቶ አንሡ። መስታወት በየቀኑ ስለምናየው ያታልላል፤ ፎቶ አያታልልም።

ክብ ሆኖ የለቀቀ፣ የሚያም፣ መግል የያዘ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ቅንድብንም የነካ፣ ወይም የወር አበባ ተዛብቶ ፊት ላይ ፀጉር ከበዛ እንክብል ሳትሞክሩ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ። ስትሄዱም ሁሉንም ብልቃጥ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ፣ ከሦስት ወር በፊት የሆነውን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ፌሪቲንና ቲኤስኤች መታየት ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ወደ ጥያቄ እንለፍ። ብልቃጡን አንብባችሁ ያልገባችሁ ቁጥር ካለ ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ሌላውም ይማርበታል። እርስዎ እናቴ፣ ቀድመው እጅዎን አንሥተዋል፤ ይንገሩን፣ የእርስዎ ባዮቲን ስንት ይላል?